«ያው ተፈጥሮው ነው»

እንግሊዝ አገር ኬር ውስጥ፣ ማለትም በእንክብካቤ ሥራ ነው የምሠራው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አራት ጎልማሶች በሚኖሩበት ቤት ስምንት ዓመት ሆኖኛል። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ገበያ አብሬያቸው እወጣለሁ። አንደኛው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። አይናገርም።

አንድ ሰሞን ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ጀመረ። ሳህን ይወረውራል። ሌሊት አይተኛም። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ቀረብ ብሎ እንኳ ሳያየው የሚያረጋጋ መድኃኒት አዘዘለት። «ባሕርዩ ነው፤ እሱ እንዲህ ነው» ተባለ። እኔም አመንኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ነርስ መጣች። የተማረችው እንደሱ ያሉ ሰዎችን መንከባከብ ነው። ምንም አልነካችውም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ምሳውን ሲበላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በግራ በኩል ብቻ እንደሚያኝክ አይተሃል? የዳቦውን ጠርዝ መተው የጀመረውስ መቼ ነው?» አለችኝ።

አላየሁም። በቀን ሦስት ጊዜ የማበላው እኔ ነኝ።

ጥርሱ ሥር መግል ቋጥሮ ነበር። የጥርስ ሐኪም ቤት ደግሞ ይፈራል። ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒቱን እየወሰደ ነርሷ ቀስ በቀስ አለማመደችው። መጀመሪያ በሩ ድረስ ሄደን ተመለስን። በማግስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተነሣ። የክሊኒኩን ፎቶ አንስታ ትንሽ መጽሐፍ ሠራችለት፤ ማታ ማታ አብረን እናገላብጠዋለን። ጥርሱ በተነቀለበት ሳምንት እንቅልፍ ወሰደው። ግድግዳውንም ተወው።

በብሪታንያ ነርስነት አራት ዘርፍ አለው። የአዋቂዎች፣ የሕፃናት፣ የአእምሮ ሕመም፣ አራተኛው ይኼ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን የሚንከባከበው ነው። የአእምሮ ሕመምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ይለያያሉ፤ እኛ ብዙ ጊዜ እንቀላቅላቸዋለን። ይህን ዘርፍ ለብቻው ሦስት ዓመት ይማሩታል። እ.ኤ.አ. በ2019 መቶኛ ዓመቱ ተከብሯል።

ግን ሙያው እየመነመነ ነው። በ2012 የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ዋና ነርሶች ሙያውን ለማጠናከር የጋራ ሰነድ አውጥተው ነበር። ሆኖም በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ውስጥ የእነዚህ ነርሶች ቁጥር ከ2010 ጋር ሲነጻጸር ከሲሶ በላይ ቀንሷል። በ2017 እንግሊዝ ለነርስ ተማሪዎች ትሰጥ የነበረውን ድጎማ አነሣች። ወደዚህ ሙያ የሚገቡት ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ቀድሞ በኬር የሠሩ ናቸው። ብድር ተሸክሞ መማር ለእነሱ ከባድ ነው። በ2020 የማይመለስ 5,000 ፓውንድ በዓመት፣ ለዚህ ዘርፍ ደግሞ ተጨማሪ 1,000 ፓውንድ መሰጠት ተጀመረ። ጥሩ ነው። ግን ዘግይቷል።

የሙያው መመንመን ዋጋው የሰው ሕይወት ነው። እዚያ አገር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 20 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞታሉ። በ2022 በእንግሊዝ ከእነሱ መካከል ከሞቱት 42 በመቶ ያህሉ ሞታቸው ሊቀር ይችል እንደነበር ይፋዊው ጥናት አስቀምጧል። በ2016 ኦሊቨር ማክጋዋን የተባለ፣ ኦቲዝምና ቀላል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የ18 ዓመት ልጅ ሆስፒታል ገባ። እሱም ወላጆቹም «ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዘውን መድኃኒት አትስጡ» ብለው ነበር። ተሰጠው፤ ሞተ። እናቱ ባደረገችው ትግል በ2022 የወጣው ሕግ የጤናና የኬር ሠራተኞች ስለ ውስንነቱና ስለ ኦቲዝም እንዲሠለጥኑ ያስገድዳል። ሥልጠናውን እደግፈዋለሁ። ግን በጥቂት ሰዓት ሥልጠና የዚያችን ነርስ ዓይን ማግኘት አይቻልም። በየሆስፒታሉ ሌሊትም ቅዳሜና እሑድም የምትጠራ አንዲት እንደሷ ያለች ነርስ መኖር አለባት። ኬር ውስጥ የምንሠራ ሐበሾች ብዙ ነን። ልምዱ አለን፤ ይህን ትምህርት እንግባበት እላለሁ።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄድኩ። ከእናቴ ቤት አጠገብ ሃያ አራት ዓመት የሞላው ልጅ አለ። እሱም አይናገርም። እናቱ ብቻዋን ናት ያሳደገችው። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባ ነበር። አሁን ደጅ ይቀመጣል፤ የሰፈር ልጆች «ሰላም ነው?» ብለውት ያልፋሉ። ለዚህ ለውጥ እንደ ዘሚ የኑስ ያሉ እናቶች ብዙ ደክመዋል። ዘሚ ከአሜሪካ ተመልሳ፣ ለራሷ ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ብታጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በ2021 ዐረፈች። ነፍሷን ይማር።

እኔ እያለሁ ልጁን አመመው። ይጮሃል፣ ይንከባለላል። ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። ባለሙያው ልጁን ሳይዳስስ እናቱን «ሁልጊዜ እንዲህ ይጮሃል?» አላት።

«ኧረ ዛሬ ነው!» አለች።

«ያው ተፈጥሮው ነው» ብሎ ማስታገሻ ጻፈ።

ክው አልኩ። እንግሊዝ አገር የሰማኋት ቃል ናት። ባለሙያውን አልወቅሰውም። ማን አስተማረው? ውጭ ሰልፉ ግቢውን ሞልቷል። በማግስቱ ሌላ ሐኪም ሆዱን ዳሰሰው። የሆድ ድርቀት ነበር፤ በቀላል መድኃኒት ተሻለው። ቀላል ይመስላል። በብሪታንያ ግን ሕመማቸውን መናገር ያልቻሉ ሰዎች በዚሁ ሞተዋል።

እናቱ አውቃ ነበር። «ሆዱን ሲያመው ጫማውን ያወልቃል። ጆሮውን ሲያመው ደግሞ ራዲዮ ያስጠፋኛል» አለችኝ መንገድ ላይ። ነርሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያገኘችውን ዓይን እሷ በሃያ አራት ዓመት ድካም አግኝታዋለች። ነርሷ ስትናገር ግን ሐኪም ይሰማታል። እናቲቱን የሚሰማት የለም። ደመወዝ የላትም፣ ዕረፍት የላትም።

እኛ ጋ ይህ የነርስነት ዘርፍ የለም። ሊጀመር ግን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የአእምሮ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት ዘመን፣ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። እነሱ ናቸው አገልግሎቱን ወደ ክፍለ ሀገር ያደረሱት። ያንኑ መንገድ ለነዚህ ልጆችም መክፈት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ጓዳ ያለውን ልጅ ከማንም በፊት የምታየው እሷ ናት። ስታየው ወደ ማን እንደምትልከው ትወቅ።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ከእናቱ ጋር ደብተር ይዘን ተቀመጥን። እዚያ አገር «የሆስፒታል ፓስፖርት» የሚሉት አለ። ሰውየው ሲታመም አብሮት ይሄዳል። ቀዩ ገጽ ሐኪም የግድ ማወቅ ያለበት ነው፣ ቢጫው ለእንክብካቤው የሚጠቅም፣ አረንጓዴው የሚወደው የሚጠላው። በልጆች ከለር ጠርዞቹን ቀባናቸው። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ጫማውን ጻፍን። ራዲዮውን ጻፍን። ልጁ አጠገባችን ቁጭ ብሎ አረንጓዴውን ከለር ያሽከረክራል።

ደብተሩን ልዘጋ ስል እጄን ያዘችኝ። «ቆይ ልጄ፣ ይህንንም ጻፍልኝ» አለች። «ነጭ ጋዋን ይፈራል። ከመንካታቸው በፊት ያውልቁለት።»

ቀዩ ገጽ ላይ ጻፍኩት።