እርማት፦ ናፍታሊንና የሕፃን ልብስ

«ቤት ስታደራጁ የማይለበሰውን ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትታችሁ ናፍታሊን ጣል ጣል አድርጉበት፤ ብልም በረሮም አይደርስበትም» ላሉት ወንድሜ፦ ምክርዎ በከፊል ልክ ነው፤ ሕፃን ላለበት ቤት ግን አደገኛ ነው።

ናፍታሊን፣ ያ ሽታው የሚከረፋ ነጭ እንክብል፣ የሚሠራው እየተነነ ነው። ትነቱ ብልን የሚገድለው በደንብ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ሲታፈን ነው። በሩ በማይገጥም ቁም ሣጥን፣ ያውም በአዳማ ሙቀት፣ ቶሎ ተንኖ ቤተሰቡ የሚተነፍሰው አየር ውስጥ ይገባል። በረሮው እንደሆነ ውሎውም አዳሩም ወጥ ቤት ነው!

ልብስ የሚበላው የብል እጭ ነው፤ የሚወደውም ሱፍ፣ በተለይ ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን። ንጹሕ የጥጥ ጋቢ እምብዛም አይነካም። ሹራቡን አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቆ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ መክተት ይበቃል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ለሚቀጥለው ልጅ» ተብሎ የሚቀመጠው ልብስ ነው። ቀይ የደም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቀው ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ጨቅላዎች ናፍታሊን ውስጥ የቆየ ልብስ ለብሰው ቀይ የደም ሴላቸው እየፈረሰ ለከባድ የደም ማነስና ለዓይንና ለቆዳ ቢጫነት የተዳረጉበት ጊዜ አለ። ድክ ድክ የሚለው ልጅ ደግሞ ነጩን እንክብል ከረሜላ መስሎት ይጎርሰዋል። ልብሱን ናፍታሊን ሳይነካው ዛሬውኑ ለዘመድ ልጅ ቢሰጡት ሣጥኑም ይለቀቅልዎታል።