ለብልቃጡ የቀረበ ውዳሴ

በትርፍ ጊዜያቸው ብስክሌት የሚጋልቡ ወገኖቻችን ለዕፅዋት እንክብል ያላቸው ታማኝነት እስከ ዛሬ የሚገባውን ያህል አልተመሰገነም። ጽናት የሚገኘው ዳገት ደጋግሞ በመውጣት ነው የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ ላብን፣ ዝናብን፣ ከሁሉም በላይ ጎሕ ሲቀድ ከአልጋ መነሣትን ይጠይቃል። እንክብሉ ግን አንድ ብርጭቆ ውኃና ዳጎስ ያለ ኪስ ካገኘ ሌላ ጣጣ የለውም። የኮርቻውን ክብደት በግራም እየመዘነ፣ ጥቂት ግራም ለማቃለል የወር ደመወዙን የሚከሰክስ ሰው፣ መዳፉ ላይ የደረደራቸው ቡናማ እንክብሎች ምን እንደያዙ ሳይጠይቅ አንድ በአንድ ሲውጣቸው ያየ ሁሉ፣ እምነት ከዘመናችን ጠፋ የሚሉትን ሐሰተኞች ይላቸዋል።

እምነቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ብልቃጡ ፊት ለፊት በረዶ የለበሰ ተራራ፣ አንድ ለምለም ቅጠልና «ጽናትን ይደግፋል» የሚል ጉልህ ጽሑፍ ይዟል። ዞር ሲያደርጉት፣ ለጉንዳን ንባብ በተዘጋጀ በሚመስል ፊደል፣ አባባሉ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዳልተገመገመ ይገልጻል። አምራቾቹ በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን ምርት ገበያ ከማውጣታቸው በፊት ፈዋሽነቱን ለመንግሥት አስመስክሩ አላላቸውምና። ቅይጡ ውስጥ ስንት ዓይነት ሥርና ቅጠል እንዳለ ይዘረዝራሉ፤ የእያንዳንዱን መጠን ግን የቤቱ ምስጢር ነው ብለው ድምሩን ብቻ ይጽፋሉ። ይህን ያህል ጨዋ ምስጢር ጠባቂ በዛሬ ጊዜ ከየት ይገኛል?

የዚህ ሃይማኖት ታላቁ ተአምር ኮርዲሴፕስ የተባለው፣ በቲቤት ደጋ በእሳት እራት እጭ ላይ የሚበቅለው ፈንገስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰንን በ42 ሰከንድ ገደማ አሻሽላ 29:31.78 ስትገባ፣ አሠልጣኟ ማ ጁንረን ምስጋናውን ለዚህ ፈንገስና ለኤሊ ደም ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ፈንገሱ የሯጭንም የብስክሌተኛንም ብልቃጥ ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከደም ምርመራ በኋላ ከአሠልጣኙ ሯጮች ስድስቱ ከሲድኒ ኦሊምፒክ ቡድን መቀነሳቸውን ማንሣት በዚህ የውዳሴ ጽሑፍ ውስጥ ነውር ስለሆነ እናልፈዋለን። ክብረ ወሰኑን እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ በ29:17.45 የሰበረችው አልማዝ አያናም፣ ስለ አበረታች ቅመም ስትጠየቅ የጠቀሰችው ልምምዷንና ኢየሱስን ነበር፤ ለፈንገሱ አንዲት የምስጋና ቃል አልተነፈሰችለትም።

ተመራማሪዎች ደግሞ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ደስታ አይወዱም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት የሠለጠኑ ብስክሌተኞች ኮርዲሴፕስን ለ5 ሳምንት ወሰዱ፤ የኦክስጅን አጠቃቀማቸውም ሆነ የግል ሰዓት ውጤታቸው ንቅንቅ አላለም። በዚያው ዓመት ሮዲዮላ በተባለው ሥር ላይ የተደረገ የቤልጂግ ጥናት ግን የምሥራች ይዞ መጣ፤ አንድ ጊዜ ከተወሰደ በኋላ ሰዎቹ እስኪዝሉ የቆዩበት ጊዜ ከ16.8 ወደ 17.2 ደቂቃ ከፍ አለ። ሃያ አራት ሰከንድ! ሥሩ ለ4 ሳምንት ሲወሰድ ምንም ለውጥ አለማምጣቱን ያው ጥናት መጻፉ ቅር ያሰኛል፤ ሆኖም ማስታወቂያ ሁሉን ነገር እንዲናገር አይጠበቅበትም።

ለአማኞች ትልቁን ውለታ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ሌላ ጥናት ነው። ለ10 ኪሎ ሜትር ግልቢያ የቀረቡ ብስክሌተኞች አንድ ጊዜ ካፌይን አልወሰዳችሁም፣ አንድ ጊዜ ጥቂት ወስዳችኋል፣ አንድ ጊዜ ብዙ ወስዳችኋል ተባሉ። በሦስቱም ጊዜ የተሰጣቸው ግን ባዶ እንክብል ነበር። ብዙ ወስዳችኋል ሲባሉ የበለጠ ኃይል አወጡ፤ አልወሰዳችሁም ሲባሉ ደከሙ። እንግዲህ ለብልቃጡ የሚከፈለው ገንዘብ ለቅጠሉ ሳይሆን ለማመኑ ነው፤ ርካሽ ነገር ደግሞ ማን ያምናል?

እውነተኛው አሳፋሪ ጉዳይ ግን ከዕፅዋት ወገን በትክክል የሚሠሩ መገኘታቸው ነው። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም የሚወሰድ ካፌይን የብስክሌት ጽናትን እንደሚያሻሽል በተደጋጋሚ ተረጋግጧል፤ የቀይ ሥር ጭማቂም ውስጡ ባለው ናይትሬት ምክንያት፣ በተለይ እጅግ ላልሠለጠኑት፣ መጠነኛ እገዛ ያደርጋል። ችግሩ ቡናው ከጀበና፣ ቀይ ሥሩ ከጉልት የሚገኝ መሆኑ ነው። በረዷማ ተራራ ያልተሳለበትን ነገር ጠጥቶ ማን ለጓደኛው ያወራል? በረጅም ግልቢያ ላይ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድማ ጭራሽ ስኳር መላስ ነው፤ ክብር ያለው ሰው አያደርገውም።

የአንዳንድ አምራቾች ደግነትም አይዘነጋም። በዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ድጋፍ ከ13 አገሮች በተሰበሰቡ 634 ተጨማሪ ምግቦች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ምርመራ፣ 94ቱ በመለያቸው ላይ ያልተጻፈ፣ ሰውነት ወደ ሆርሞን የሚለውጠው ንጥረ ነገር ተገኝቶባቸዋል፤ ያውም ያለ ተጨማሪ ክፍያ። እንዲህ ያለ ምርቃት የደረሰው ባለሙያ ብስክሌተኛ ሽንቱ ሲመረመር ይታገዳል፤ በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው እሱ ራሱ ነውና። የቅዳሜው ጋላቢ ግን መርማሪ ስለሌለበት ቀሪውን በሰላም ይውጣል፤ ዳገቱ ላይ ጥሎት የሄደውን ሰው ደግሞ ከላይ ሲደርስበት፣ ስንት ሰዓት እንደሚለማመድ ሳይሆን የትኛውን ብልቃጥ እንደሚጠቀም ይጠይቀዋል።