የማላምንበትን አሜን ልበል? የእህትና የወንድም ክርክር

በጥብቅ የክርስቲያን ቤት ያደገ ሰው፣ አስተሳሰቡ እያደር ከቤቱ ትምህርት ጋር አልገጥም ቢለው ምን ያድርግ? ለወላጆቹ እቅጩን ይንገራቸው? ወይስ ለእነሱ ሲል ዝም ብሎ አብሯቸው ይቀመጥ? እዚህ የሚከራከሩት እህትና ወንድም ናቸው። እሱ በ5 ዓመት ይበልጣታል። አንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ያደጉት። እሱ ዛሬም በጉባኤው ያገለግላል። እሷ መሄድ ካቆመች 2 ዓመት ሆኗታል። ከወላጆቿ ርቃ ስለምትኖር እነሱ አያውቁም። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እህት፦

8 ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ማንም የለም። የእማዬ ጫማ አልጋው ሥር ተቀምጧል። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። "እማዬ!" ብዬ ተጣራሁ። ዝም።

ያኔ ምን እንዳሰብኩ አንተ ታውቃለህ፣ ወንድሜ። ሌባ ገባ አላልኩም። ጎረቤት ሄዳ ይሆናል አላልኩም። ጌታ መጥቶ ሁላችሁንም ወሰዳችሁ፣ እኔ ቀረሁ አልኩ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የዚያን ሳምንት ኃጢአቴን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ። የክፍል ጓደኛዬን እርሳስ ሳላስፈቅድ ወስጄ ነበር። የምሽቱን ጸሎት ተኝቼ አልፌው ነበር። እማዬ ከጎረቤት ስትመለስ ልብሴን አርጥቤ አገኘችኝ።

ይህን የማነሳው እንድታዝንልኝ አይደለም። አድጌ ሳነብ ያወቅሁት ነገር ስላለ ነው። ምእመናን በድንገት ይነጠቃሉ፣ የቀሩት ላይ የመከራው ዘመን ይመጣል የሚለው አተረጓጎም በዚያ መልኩ የተስፋፋው ከ1830ዎቹ ጀምሮ በሰባኪው በጆን ኔልሰን ዳርቢ ትምህርት ነው። በ1909 የታተመው ባለ ማብራሪያው የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ወደ ብዙ ቤት አስገባው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ቃል አለ፤ አልክድም። ግን እኔን ያስፈራኝ ትርጓሜ ገና 200 ዓመት አካባቢ ነው ዕድሜው። ለእኔ የተነገረኝ ከሐዋርያት ጀምሮ ማንም ያልተጠራጠረው እውነት ተብሎ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሌላውንም መፈተሽ ጀመርኩ። "ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙን ያዙ" የሚለውን ያስጠናኝ አባዬ ራሱ ነው። ሴት በጉባኤ ዝም ትበል ተባልኩ። ያው መጽሐፍ ግን ፌቤንን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይላታል። ትንቢት ይናገሩ ስለነበሩት አራቱ የፊልጶስ ሴቶች ልጆችም ይናገራል። ስለ እነሱ አንድም እሑድ ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የሥራ ባልደረባዬ ነገር ነው። በሌላ እምነት ነው ያደገችው። የታመምኩ ጊዜ 3 ሌሊት አጠገቤ ወንበር ላይ አደረች። በተማርነው ትምህርት መሠረት ይህች ሴት ገሃነም ትገባለች። ይህን አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ልቤ እምቢ አለ።

አሁን ደግሞ ልጄ 7 ዓመቷ ነው። በዕረፍት ጊዜ አያቶቿ ጋ ትሂድ እየተባለ ነው። አባዬ ያስተማረኝን ሊያስተምራት ጓጉቷል። የማላምንበትን አሜን ማለት ለእኔ ውሸት ነው። ልጄን ደግሞ ዝም ብዬ አልልክም። ስለዚህ እነግራቸዋለሁ።

ወንድም፦

እህቴ፣ ያን ቀን እኔም አልረሳውም። ልብስሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እማዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅስ ነበር። በዚህ አልከራከርሽም። ሕፃን ልጅ እግዚአብሔርን በድንጋጤ ማወቅ የለበትም። ዛሬ የእሑድ ልጆችን ሳስተምር ያን ትምህርት አላነሳም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ ያንቺን ታሪክ ነገርኩት። ስምሽን አልጠራሁም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አልጠየቀኝም።

ልዩነታችን እዚህ ጋ ይመስለኛል። አንቺ ጥፋቱን አይተሽ ወጣሽ። እኔ ጥፋቱን አይቼ የባሰ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ጆን ዉልማን የሚባል ሰው ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኒው ጀርሲ ውስጥ የኖረ ኩዌከር ነው። ኩዌከሮች ሥርዓታቸው ጠበቅ ያለ ክርስቲያኖች ነበሩ። ወጣት ሳለ ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ አሠሪው አንዲት ጥቁር ሴት ሸጠና የሽያጩን ውል ጻፍ አለው። ገዢውም ኩዌከር ነው፤ ያውም በዕድሜ የገፋ። ዉልማን እየከበደው ጻፈ። ግን ባሪያ መያዝ ከክርስትና ጋር አይሄድም ብሎ ለሁለቱም ነገራቸው። ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው እንዲሁ ሲጠይቀው አልጽፍም አለ።

ከዚያስ? ጉባኤውን ጥሎ ሄደ? አልሄደም። ዓመታት ሙሉ ባሪያ ያላቸውን ኩዌከሮች በየቤታቸው እየዞረ አናገራቸው። በ1772 ሞተ። ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1776፣ የፊላደልፊያው ዓመታዊ ጉባኤ አባላቱ ባሪያ እንዳይይዙ ከለከለ። ዉልማን ገና ሲከብደው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እነዚያን ሰዎች ማን ያናግራቸው ነበር?

ልቤ እምቢ አለ አልሽ። ልብሽ እንዲህ እምቢ ማለትን የተማረው የት ነው? ጎረቤት ታመመ ሲባል አባዬ በሌሊት ጫማውን እንኳ ሳያስር ሲሮጥ አይተሻል። ያ ሰው የእኛን ጉባኤ የሚጠላ ሰው ነበር። ባልደረባሽ ወንበር ላይ ስታድር የሠራችው ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባሽ እንዲህ ያለ ነገር እቤትሽ ስላየሽ ነው። መለኪያውን ከዚህ ቤት ወስደሽ ቤቱን እየለካሽበት ነው። ለኪ፤ ግን መለኪያውን የሰጠሽንም አብረሽ ቁጠሪ።

አባዬ አሁን 74 ዓመቱ ነው። ልቡ ደህና አይደለም። በ1842 ሜሪ አን ኢቫንስ የምትባል የ22 ዓመት እንግሊዛዊት ለአባቷ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለችው። በኋላ ጆርጅ ኤልየት በሚል የብዕር ስም የታወቀችው ደራሲ ናት። አባቷ በጣም ከመቆጣቱ የተነሳ ቤቱን ትቶ ለብቻው ሊኖር አስቦ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ተስማሙ። እሷ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ በልቧ ደግሞ የፈለገችውን ታስባለች። በ1849 እስኪሞት ድረስም ያስታመመችው እሷ ናት። ይህች ሴት ዋሸች ትያለሽ? እኔ ወደደችው ነው የምለው።

ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የገሠጻቸው ሰዎች ትዝ ይሉሻል? ለአባትና ለእናታቸው የሚገባውን "ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል" እያሉ የሚከለክሉትን? አንቺም እውነትን ቁርባን አድርገሽ ሁለት ሽማግሌዎችን እንዳትከለክያቸው እፈራለሁ።

እህት፦

የቁርባኑ ቃል ወግቶኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ከራሴ አልወጣም። ግን ስለ ዉልማን እና ስለ ኢቫንስ የነገርከኝ ወደ እኔ ነው የሚያደላው።

ዉልማን የከበደውን ተናገረ። እዚያው፣ ሁለቱም ፊት። ደግሞ መናገር የሚችልበት ጉባኤ ነበረው። በኩዌከሮች ዘንድ መንፈስ ያነሳሳው ሁሉ ተነስቶ ይናገራል፤ ሴትም ብትሆን። በእኛ ጉባኤ እኔ ብነሳ ምን ይሆናል? ታውቀዋለህ። አንተ ሽማግሌውን ማናገር የቻልከው ወንድ ስለሆንክ ነው። ያንተን መንገድ ለእኔ ስትሰጠኝ በሩ ለእኔ ዝግ መሆኑን ረስተኸዋል።

ሁሉም ጉባኤ ደግሞ እንደ ኩዌከሮቹ አልሆነም። የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች በ1845 ከሰሜኖቹ ተለይተው የራሳቸውን ኅብረት ያቋቋሙት በባርነት ጉዳይ ነው። እነሱም ጥቅስ ነበራቸው። ይቅርታ የጠየቁት በ1995 ነው። 150 ዓመት! ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ስንት ዕድሜ አለው?

የኢቫንስን ነገር ደግሞ እንደገና እየው። አባቷ ያውቅ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠችው ከነገረችው በኋላ ነው። መጀመሪያ እውነቱ ወጣ፤ ከዚያ ተጣሉ፤ ከዚያ ታረቁ። አንተ የምትለኝ ጠቡንም እርቁንም ዘለሽ ተቀመጪ ነው። አባዬ አጠገቡ የምትቀመጠው ልጁ ማን እንደሆነች ሳያውቅ ቢሞት ይህ ፍቅር ነው? የወደደው እኔን ሳይሆን ሌላ ሰው ይሆናል።

ታሪኩን ደግሞ እኔ ልጨርስልህ። ኢቫንስ ወንድም ነበራት። አይዛክ ይባላል። ልጆች ሳሉ አይነጣጠሉም ነበር። በኋላ ሚስቱን በሕግ መፍታት ካልቻለ ሰው ጋር መኖር ጀመረች። በ1857 ይህን ለወንድሟ ጻፈችለት። ከዚያ በኋላ አይዛክ አንድ ደብዳቤ አልጻፈላትም። እስከ 1880 ድረስ። ሰውየው ከሞተ በኋላ ሌላ ባል በሥርዓት ስታገባ ነው እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ የጻፈላት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሞተች። 23 ዓመት ዝም ብሏት 7 ወር አገኛት።

ወንድሜ፣ የአባዬን ቁጣ እችለዋለሁ። የእማዬን ልቅሶም እችለዋለሁ። የምፈራው አንተን ነው።

ከሥሩ ነቅዬ ጣልኩት ብለህ ደግሞ አታስብ። መዝሙሮቹ ይናፍቁኛል። ዕቃ ሳጥብ ሳላስበው አንጎራጉራለሁ። ባለፈው ልጄ "እማ፣ ይሄን ዘፈን ማን አስተማረሽ?" አለችኝ። አባቴ አልኳት። አስተምሪኝ አለች፤ አስተማርኳት። አንድ ስንኝ ብቻ ዘለልኩ።

ወንድም፦

የትኛውን ስንኝ እንደዘለልሽ አውቃለሁ። እኔም ለልጆቹ ሳስተምር እዚያ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በሩ ለአንቺ ዝግ ነው ያልሽው ልክ ነው። አላሰብኩበትም ነበር። ለካ እኔ ቆይቼ መታገል የቻልኩት ስለተፈቀደልኝ ነው። በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ የፌቤንን ነገር አነሳለሁ። አንቺን ለመመለስ ብዬ አይደለም፤ ማንሳት ስላለብኝ ነው።

ግን አሁንም አልተስማማሁም። እኔ አምናለሁ፣ እህቴ። ክርስቶስ እውነት ነው ብዬ ነው የምኖረው። ባልደረባሽ ሌሊቱን ስታድር እግዚአብሔር አይቷል፣ ፍርዱም የእሱ ነው እላለሁ። ከዚያ አልፌ ግን ሁሉም መንገድ አንድ ነው ማለት አልችልም። ልብሽ ያዘዘሽን ሁሉ መከተልሽም ያስፈራኛል። የእኔ ልብ ስንት ጊዜ አታሎኛል።

አሜን ስለሚለው ቃል ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ትርጉሙ "ይሁን" ነው። አባዬ በየማታው "ልጄን በሄደችበት ጠብቅልኝ" ብሎ ይጸልያል። አጠገቡ ብትሆኚ ይሁን ማለት ያቅትሻል? የሃይማኖት መግለጫ ላይ ፈርሚ አላለሽም እኮ። ልጄን ጠብቅልኝ ነው ያለው።

እህት፦

እሱን ሲል አሜን እላለሁ። ከልቤ እላለሁ።

ከነገርኩት በኋላ ግን እንዲህ ብሎ አይጸልይም። "ከጥፋት መንገድ መልሳት" ነው የሚለው። አጠገቡ ተንበርክኬ እያለሁ። እሱንስ ምን ልበል?

ወንድም፦

አንቺ ምን እንደምትይ አላውቅም። እኔ ግን አሜን እላለሁ። አልዋሽሽም፤ አምንበታለሁ።

ቀኑን ቁረጪና ደውይልኝ። ብቻሽን አትሂጂ። መጀመሪያ እኔ ልግባና መድኃኒቱን መውሰዱን ልይ፤ ከዚያ እጠራሻለሁ። ስትነግሪው አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ስለ ልጅሽም፣ ያን የንጥቀት ትምህርት እንዳያስተምራት እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ከእኔ ይሰማዋል። ሲጸልይም አሜን የምለው እጅሽን እንደያዝኩ ነው።