«መጀመሪያ አግቢ»

ውጭ አገር የስኳር ክትትል በጀመርኩበት ዕለት ነርሷ የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ እየጠቀለለች «በሚመጣው አንድ ዓመት ለማርገዝ ታስቢያለሽ?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። 24 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ የመጣሁት ኢንሱሊን ላጽፍ ነው። ምን አገባት?

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የልጁ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። ልቡም ቅርጽ የሚይዘው በእነዚያው ሳምንታት ነው። ያኔ እናትየው ገና «የወር አበባዬ ዘገየ» እያለች ነው፤ ስኳሯ ከፍ ብሎ ከሰነበተ ጉዳቱ የሚጀምረው እሷ ሳታውቅ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ቀድሞ ነው፦ ኤዋንሲን፣ ማለትም የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ፣ ስኳር ከልክ በላይ እየወረደ የማያስቸግር ከሆነ ከ6.5 በመቶ በታች ማድረስ፤ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ እስኪወርድ ድረስ አለማርገዝ፤ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ቀድሞ መጀመር፤ ዓይንና ኩላሊት መታየት።

ከዚያ የመድኃኒቶቼን ዝርዝር እያየች ጣቷን ኢናላፕሪል በሚባለው የግፊት መድኃኒት ላይ አቆመች። «ይሄ ለማርገዝ ስታስቢ መቀየር አለበት፤ ጽንስ ይጎዳል።» 4 ዓመት ሙሉ ስውጠው የነገረኝ ሰው የለም!

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አገር ቤት ከ14 ዓመቴ ጀምሮ 10 ዓመት ተከታትያለሁ። ስኳርሽ ስንት ነው? ስንት ዩኒት ትወጊያለሽ? ቀጣይ! 19 ዓመቴ ላይ እንደምንም ደፍሬ «ዶክተር፣ መውለድ እችላለሁ?» ስለው ከካርዱ ቀና እንኳ ሳይል «መጀመሪያ አግቢ» አለኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሰምተዋል። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቅኩም። አልወልድም ብዬ ደምድሜ 5 ዓመት ኖርኩ። ተራው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ያቺ አንዲት ጥያቄ ግን ደቂቃ አትፈጅም። እዚህ ገና በጉርምስና ላይ ላሉ ልጆች ሳይቀር ያነሱላቸዋል፤ አሁን መውለድ የማትፈልገዋም የሚስማማት የእርግዝና መከላከያ የትኛው እንደሆነ ይነገራታል።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከአገር ቤት ደወለች። 17 ዓመቷ ነው፤ እሷም ኢንሱሊን ትወጋለች። «አክስቴ፣ እኔ መውለድ እችላለሁ?» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አዎ፣ ቀድመሽ ከተዘጋጀሽ፣ አልኳትና ለሐኪሙ የምታቀርበውን በቀጠሮ ካርዷ ጀርባ አጻፍኳት። ኤዋንሲዬ ስንት ነው? መድኃኒቶቼ ለእርግዝና ይሆናሉ? እስክዘጋጅ የትኛው መከላከያ ይሻለኛል?

አራተኛውን ራሷ ጨመረች፦ «በሩን መዝጋት ይቻላል?»