የላቫል ፍርድ ሚዛኑን ጠብቋልን?

በ2004 (እ.ኤ.አ.) ላቫል የተባለ የላትቪያ ኩባንያ በስቶክሆልም አቅራቢያ በምትገኘው ቫክስሆልም አንድ ትምህርት ቤት ለማደስ ሠራተኞቹን ላከ። የስዊድን የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር በሰዓት 145 ክሮና እንዲከፈላቸው ጠየቀ፤ ስምምነት ሲጠፋም የግንባታ ቦታውን ዘጋ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2007 እርምጃው በሌላ አባል አገር አገልግሎት የመስጠትን ነፃነት ያላግባብ ገድቧል ሲል ወሰነ። የዚህ ፍርድ ደጋፊና ተቃዋሚ እንዲህ ይከራከራሉ።

ደጋፊ፦ ላትቪያ የአውሮፓ ኅብረትን የተቀላቀለችው በዚያው ዓመት በሜይ 1 ነበር፤ ገበያው ክፍት ነው ተብላ በገባች በጥቂት ወራት ውስጥ በሩ ተዘጋባት። ኩባንያው ከአገሩ የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ጋር የኅብረት ስምምነት ነበረው። በስዊድን በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ፣ ለጨረታ ዋጋ የሚያቀርብ የውጭ ድርጅት ምን ያህል ደመወዝ እንደሚከፍል የሚያውቀው ከማኅበሩ ጋር ተደራድሮ ሲጨርስ ብቻ ነው። ከዋጋው ዝቅ ማለት በቀር መወዳደሪያ ለሌለው ድርጅት እንዲህ ያለው ጥያቄ «አትምጣ» ከመባል አይለይም።

ተቃዋሚ፦ ባልደረባዬ የጠቀሱት የላትቪያ ስምምነት የተፈረመው ከስዊድኑ ማኅበር ጋር ድርድር ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ይህ ሊዘለል አይገባም። ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ፍርድ ቤቱ የሥራ ማቆም እርምጃ መሠረታዊ መብት መሆኑን ተቀብሎ ሲያበቃ፣ መብቱን የገበያ ነፃነት ፊት አቁሞ ምክንያትህን አስረዳ አለው። በ1998 ሰልፈኞች የኦስትሪያን ብሬነር አውራ ጎዳና ለ30 ሰዓታት ያህል ዘግተው የጭነት መኪናዎችን ባስቆሙ ጊዜ ያው ፍርድ ቤት በ2003 የመሰብሰብን መብትና የዕቃ ዝውውርን ጎን ለጎን መዝኖ፣ ኦስትሪያ ሰልፉን ባለመከልከሏ አትጠየቅም ብሏል። ለአካባቢ ጥበቃ የቆመ ሰልፈኛ ያገኘውን ክብር ለደመወዝ የቆመ ሠራተኛ የሚነፈግበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

ደጋፊ፦ የብሬነሩ ሰልፍ አስቀድሞ የታወቀ፣ ጊዜውም የተወሰነ ነበር፤ በማንም የውጭ ድርጅት ላይ ያነጣጠረ አልነበረም። በቫክስሆልም ግን ከበባው ማብቂያ አልነበረውም። ደግሞም ዳኞቹ በእጃቸው የነበረው ወደ ሌላ አባል አገር ለሥራ ስለሚላኩ ሠራተኞች የወጣው የ1996ቱ የኅብረቱ መመሪያ ነው፤ እርሱም በክፍያ ረገድ የሚያረጋግጥላቸው ዝቅተኛውን ብቻ ነበር። ሕግ አውጪው በ2018 መመሪያውን አሻሽሎ የተላከ ሠራተኛ በሥራው አገር አስገዳጅ የሆኑትን የደመወዝ ክፍሎች በሙሉ እንዲያገኝ ደንግጓል። ሚዛኑን ማስተካከል የሕግ አውጪው ድርሻ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ተቃዋሚ፦ የተስተካከለው ክፍያው ነው፤ የእርምጃው መብት አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን ስለዚሁ መብት ያቀረበው የሕግ ረቂቅ የበርካታ አገሮች ፓርላማዎች ስለተቃወሙት በ2012 ተስቧል። የስዊድን የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ደግሞ በ2009 ማኅበራቱ ለላቫል ካሣ እንዲከፍሉ ፈርዷል። ከዚያ ወዲህ የውጭ ድርጅት ላይ እርምጃ ለመውሰድ የሚያስብ የማኅበር መሪ አስቀድሞ የሚያማክረው አባላቱን ሳይሆን ጠበቃውን ነው፤ ጠበቃውም ዳኞች የትኛውን እርምጃ ተመጣጣኝ እንደሚሉት እርግጠኛ ሆኖ ሊነግረው አይችልም።