«ከላይ የታዘዘ ነው»፦ ክፉ ትእዛዝ የፈጸመ ሰው ይወቀስ?

መምህሩ፦ ሰውን ከመውቀሳችን በፊት የቆመበትን ቦታ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1961 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ጀመረ። የመጡት ተራ ሰዎች ናቸው፤ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ መሐንዲስ፣ አሻሻጭ። ከግድግዳ ማዶ ያለው «ተማሪ» በተሳሳተ ቁጥር ኃይሉን እየጨመራችሁ ኤሌክትሪክ ልቀቁበት ተባሉ። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነው፤ እነሱ ግን አያውቁም። ሰውየው ግድግዳ ሲደበድብ እየሰሙ ከ40ው 26ቱ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 450 ቮልት ዘለቁ። አላባቸው፣ ተንተባተቡ፣ ግን ተጫኑት። እዚያ ወንበር ላይ ማንም ቢቀመጥ ያው ነው። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች።

ጠበቃዋ፦ «ማንም» አሉ መምህር? 14ቱን የት ጣሏቸው? ያው ወንበር፣ ያው አዛዥ፤ እነሱ ግን «በቃኝ» ብለው አቆሙ። ሰው ደግሞ ጊደር አይደለም። «ከላይ የታዘዘ ነው» ሲባል ደሜ ይፈላል። የአንዲት ባልቴት የጡረታ ፋይል መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት አይቻለሁ። አለቃው ፎቅ ላይ ነው፤ ቁልፉ ግን የጸሐፊው ኪስ ውስጥ ነበር።

መምህሩ፦ ያን ሁሉ ተናግሬ አንዲት ቃል መዘው ያዙ! እሺ፣ ሌላውን ዙር ልንገርዎት። ሚልግራም ጎናቸው ተሳታፊ የሚመስሉ ሁለት የራሱን ሰዎች አስቀመጠ። ሁለቱ በየተራ እምቢ ሲሉ ከ40 ሰው እስከ መጨረሻው የሄዱት 4 ብቻ ናቸው። አዛዡ ወጥቶ በስልክ ሲያዝም ታዛዡ በጣም ቀነሰ። አንዳንዱ እንዲያውም ዝቅተኛውን እየነካ «ጨምሬያለሁ» ብሎ ዋሸ። ሰው አልተለወጠም፤ ክፍሉ ነው የተለወጠው።

ጠበቃዋ፦ ይኸው «ማንም» ወደ «ጎኑ ሰው ከሌለ» ወረደ። ለመሆኑ ከ14ቱ ጎን ማን ነበር? በስልክ የዋሹትን ስላነሡልኝም አመሰግናለሁ። ክፉ መሆኑን ባያውቁ ምን አስዋሻቸው?

መምህሩ፦ «ብዙው ሰው» ይባልልዎ፣ ደስ ይበልዎት! ይህን ያህል ዘመን አስተምሬ እንደ ጀማሪ ተማሪ ቃል ይታረምልኝ? እኔ አጥፊ ይለቀቅ አላልኩም። መሥሪያ ቤት የምንሠራው ለ14ቱ ነው ወይስ ለ26ቱ? ያ ጸሐፊ እምቢ ቢል ከሥራው እንዳይባረር ማን ይቆምለታል?

ጠበቃዋ፦ አሁን ስለ አሠራር ሆነ? የተነሣንበት ስለ ወቀሳ ነበር። በጀርመን ኑረንበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1946 በናዚ መሪዎች ላይ በተደረገው ችሎት «ታዝዤ ነው» ማለት ከተጠያቂነት አላዳነም። ቢበዛ ቅጣት ማቅለያ ይሆናል ነው የተባለው።

መምህሩ፦ ማቅለያ ካሉማ ተስማማን! እኔስ ሌላ ምን አልኩ?

ጠበቃዋ፦ አልተስማማንም። ማቅለያ የሚጠየቀው «ጥፋተኛ ነህ» ከተባለ በኋላ ነው።