ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ለምን ረሳነው?

ስለ 1960ዎቹ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ትራምፔትና ሳክስፎን ነው። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ከዚያ ኢትዮ ጃዝ። ይገባቸዋል፣ ክርክር የለኝም። ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ከተማ፣ ክራርና ማሲንቆ ይዞ ከነሱ ያላነሰ ድፍረት ያሳየ ቡድን ነበር። ስሙ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ። የቆየው አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ወጣት ማግኘት ከባድ ነው፣ ይሄ ደግሞ ያንገበግበኛል።

ቡድኑን በ1963 የመሠረተው ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ የካይሮ ተወላጅ አቀናባሪ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያስተምር ነበር። ከተለያየ አካባቢ የመጡ ተጫዋቾችን ሰበሰበ። አብረው መጫወት ያልለመዱ መሣሪያዎችን አንድ መድረክ ላይ አገናኘ።

ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። አይደለም። ማሲንቆና ክራር ባብዛኛው የሚያገለግሉት አንድን ድምፃዊ ለማጀብ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚቃኘው ለራሱ ጉሮሮ ነው። ባለ ክራሩም እንደዚያው፣ ዛሬ ድምፁ ወፈር ካለ ክሩን ላላ ያደርጋል። ዋሽንት ግን እንዲህ አይታዘዝም። ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ አለቀ። ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ድምፅ ከተፈለገ ነፊው ሌላ ዋሽንት ማንሳት አለበት፤ ረዥምና አጭር እየያዘ የሚዞረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሦስቱ አብረው ይጫወቱ ከተባለ ባለ ክሮቹ ለዋሽንቱ ማደር ግድ ይላቸዋል። ሁሉም ትዝታ ወይም ባቲ በሚባለው ቅኝት መቃኘታቸው ብቻ አይበቃም፣ መነሻ ድምፃቸውም አንድ መሆን አለበት። ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን የተጫወተ ሰው ድንገት አጠገቡ ያለውን እየሰማ መቃኘት፣ ተራው እስኪደርስም መጠበቅ ነበረበት። ለኔ የቡድኑ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ እነማን ነበሩ እነዚህ ተጫዋቾች? አዝማሪ ለድግስ ይፈለጋል፣ ለጋብቻ ሲሆን ግን ዘሩ ይጠየቃል። እንዲህ በሚታይበት አገር ማሲንቆ የዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ በክብር ተቀመጠ። ትንሽ ነገር አይደለም።

ሐሊም ብዙ ሳይቆይ ሄደ። በ1966 መሪነቱን ተስፋዬ ለማ ያዘ፣ ቡድኑም እስኪፈርስ ድረስ የሱ ሆነ። ማሲንቆው ላይ ጌታመሳይ አበበ፣ ክራሩ ላይ መላኩ ገላው ነበሩ። ቻርልስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛም ማሲንቆ ተምሮ አብሯቸው ተጫወተ። በ1969 "ብሉ ናይል ግሩፕ" በሚል ስም አሜሪካን ዞሩ። ቢትልስ በቀረበበት በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀረቡ። ክራርና ማሲንቆ፣ በዚያ ዘመን!

ባህሉን በረዙት የሚል ወቀሳ ሊነሳ ይችላል። አልቀበለውም። ባላገሩ የራሱን ጨዋታ ትቶ የነሱን አልያዘም፣ አዝማሪውም ቤቱን አልዘጋም። እነሱ ያደረጉት በነበረው ላይ መጨመር ነው። ይልቅ የሚያሳስበኝ የዛሬው ነው። በብዙ የባህል ምሽት ቤቶች ኪቦርዱ ሁሉን ይሸፍነዋል። ዋሽንቱ ቢኖርም ባይኖርም ለውጡ አይሰማም።

አብዮቱ ፈነዳ፣ ቡድኑም በ1975 ተበተነ። ተስፋዬ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፣ በ2013 እዚያው አረፈ። ደግነቱ ቅጂዎቹ አልጠፉም። "ኢትዮጲክስ" በተባለው የሲዲ ተከታታይ ውስጥ 23ኛው የነሱ ነው። በብዙዎቹ ሲዲዎች ትራምፔት የለመደ ጆሮ እሱ ላይ ሲደርስ መደንገጡ አይቀርም።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልጆች ከዚያ ሲዲ ሦስት አራት ሥራዎች ይምረጡ። ኖታውን ይጻፉት። ከዚያ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የባህል ማዕከል ያለ ኪቦርድ፣ ለዋሽንቱ ተቃኝተው ያሰሙን። ቲኬት ከቆረጡበትም ቀድሜ የምገዛው እኔ ነኝ።